አዲሱ ይሻላል ወይስ ያገለገለው? የባሕር መጥለቂያ ዕቃ ዋጋና የዐሥር ዓመት ሒሳቡ



ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ስለ ባሕር መጥለቂያ ዕቃ መጻፋችን ለአንዳንዶቹ እንግዳ ነገር ሆኖ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ባሕር ተሻግረው በሚኖሩበት በዚህ ዘመን፥ አባቶቻችን ከቶ ያላሰቡት ወጪ ሁሉ ወደ ቤተ ሰብ ሒሳብ መግባቱ አይቀርም። ከዚህም በቀር፥ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት የሚለው ጥያቄ የመኪናም፥ የቤት ዕቃም፥ የበቅሎም ጥያቄ ነውና፥ በአንዱ የተገኘው ትምህርት ለሌላው ይጠቅማል። የመጥለቂያ ዕቃ ከሌላው የሚለይበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው እስትንፋሱን አምኖ የሚሰጠው ዕቃ መሆኑ ነው።

ዛሬ የምንጽፈው አንድ ወዳጃችን ለሴት ልጃቸው ይህን ዕቃ በገዙ ጊዜ የሆነውን ነው። እኛም በዚያ ወራት በቤታቸው በእንግድነት ሰንብተን ነበርና፥ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይናችን አይተናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ450 ዶላር የተገዛው ዕቃ

ወዳጃችን በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ፥ በሒሳብ ሥራ የሚተዳደሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ልጃቸው በኮሌጅ ስለ ባሕር ፍጥረታት ትማራለች፤ በሐምሌ ወርም ከመምህሮቿ ጋራ ወደ ፍሎሪዳ ወርዳ በባሕር ውስጥ ያለውን የኮራል ቋጥኝ እንድትመረምር ታዘዘች። ተማሪዎቹ ሁሉ የየራሳቸውን መጥለቂያ ዕቃ ይዘው እንዲመጡም ተነገራቸው።

ወዳጃችን ወደ አንድ ሱቅ ሄደው ዋጋ ቢጠይቁ፥ አዲሱ ዕቃ ተሟልቶ 1,670 ዶላር እንደሚያወጣ ሰሙ። በዚያው ሳምንት ከሠፈራቸው ብዙ የማይርቅ አንድ ሰው መጥለቁን ከተወ ብዙ ዓመት ስለ ሆነው፥ ያለውን ዕቃ በሙሉ በ450 ዶላር እንደሚሸጥ ተነገራቸው። የ1,220 ዶላር ልዩነት ለሒሳብ ዐዋቂ ቀላል ነገር አይደለምና፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ገዝተው መጡ።

ዕቃው ታጥቦና ተወልውሎ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። «እንኳን ደስ ያለዎ» ካሉት መካከል እኛም ነበርንበት፤ ስሕተቱም የእኛም ጭምር እንደ ነበረ አንሸሽግም። ባለቤታቸው ብቻ ሰደርያውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ፥ «ይህን ያህል ዓመት ከሣጥን የተቀመጠ ጎማ ደኅና ነው ትላላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ወዳጃችንም፥ «ያልተሠራበት ዕቃ ምን ይሆናል?» ብለው መለሱ። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

በዋና ገንዳው የሆነው

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቱ ዕቃዋን እንድትለምደው መምህሯ ወደ ዋና ገንዳ ወሰዳት። አባትዋና እኛም ከገንዳው ዳር ቆመን እንመለከት ነበር። የአየር ሲሊንደሩን ከትምህርት ቤቱ ስለ ሰጧት፥ ከራሷ ዕቃ የለበሰችው ሰደርያውንና ሬጉሌተሩን ብቻ ነበር።

ይህ ሰደርያ እንደ ፊኛ የሚነፋ ነው። ጠላቂው አንዲት ቍልፍ ሲጫን ከሲሊንደሩ አየር ይገባበትና ወደ ላይ ያነሣዋል፤ አየሩን ሲያስወጣው ደግሞ ይወርዳል። ልጅቱ አራት ሜትር ወርዳ ቍልፏን ጥቂት ብትነካው፥ ቍልፏ ተጣብቃ አልመለስ አለች። ሰደርያው ተነፍቶ ተነፍቶ ልጅቱን ወደ ላይ ወረወራት። መምህሩ ወዲያው ደርሶ ቱቦውን ነቀለው። እርሷም እንደ ተማረችው እስትንፋሷን ሳትይዝ አየሩን እያስወጣች ስለ ወጣች፥ ከድንጋጤ በቀር ምንም አላገኛትም።

አንባቢዎቻችን አራት ሜትር ትንሽ ነው እንዳይሉ፥ የነገሩን ምክንያት እናስረዳለን። በባሕር ላይ ያለን ሰው የሚጫነው አየር አንድ ባር ያህል ነው፤ ወደ ውሃ በወረደ ቍጥር በየዐሥር ሜትሩ አንድ ባር ይጨመርበታል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ የተተነፈሰ አየር ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ እየሰፋ ይሄዳል። እስትንፋሱን ይዞ የወጣ ሰው፥ ከሁለት ሜትር ባነሰ ጥልቀት እንኳ ቢሆን ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ከአራት ሜትር የተወረወረች ልጅ እስትንፋሷን ይዛ ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንገድ በጻፍነው ነበር።

ልጅቱ ከገንዳው ወጥታ ፎጣ ለብሳ ተቀመጠችና፥ «አባባ፥ አይዞህ፤ ምንም አልሆንኩም» አለቻቸው። ወዳጃችን ግን ለብዙ ጊዜ ቃል አልወጣቸውም። መምህሩም ዕቃው በሙሉ ባለሙያ ሳያየው ከእንግዲህ ውሃ እንዳይነካ አዘዘ።

የዕቃው አሠራር

ወደ ባለሙያው ከመሄዳችን በፊት ስለ ዕቃው አመጣጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ ጠላቂዎች የሚተነፍሱበት መሣሪያ በፈረንሳይ አገር በ1943 የባሕር ኃይል መኰንን በነበረው በዣክ ኢቭ ኩስቶና በመሐንዲሱ በኤሚል ጋኛን የተሠራ ነው። በዚያ የጦርነት ዘመን ቤንዚን ጠፍቶ ስለ ነበር፥ ጋኛን መኪናን በጋዝ ለማስኬድ የሚረዳ የጋዝ መቈጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ይህንኑ ለሰው እስትንፋስ እንዲሆን አድርገው አሻሻሉት። በመጀመሪያ በማርን ወንዝ፥ ኋላም በሜዲቴራኒያን ባሕር ሞከሩት።

ሬጉሌተር የሚባለው ይህ ነው። እመቤቶች በወጥ ቤታቸው በጋዝ ሲሊንደር ራስ ላይ የሚያስሩት ሬጉሌተር የዚሁ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ቢያስቡ ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር በ200 ባር ያህል ተጨምቆ የተቀመጠ ነው፤ ይህን የሚተነፍስ ሰው የለም። የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ክፍል ኃይሉን ከዙሪያው ውሃ በ10 ባር ያህል ብቻ ወደሚበልጥ መጠን ያወርደዋል። በአፍ የሚያዘው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በዚያ ጥልቀት ካለው የውሃ ኃይል ጋራ አስተካክሎ፥ ሰውየው አየር በሳበ ጊዜ ብቻ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ጥቂት ምንጮች፥ ትናንሽ የጎማ ቀለበቶችና የጣት ጥፍር የማያህሉ መቀመጫዎች ናቸው። ጎማ ደግሞ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ያረጃል። ወዳጃችን «ያልተሠራበት ዕቃ ምን ይሆናል?» ላሉት ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው።

ባለሙያው ያገኘው ጉድለት

በማግሥቱ ዕቃውን ይዘን ወደ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ባለሙያ ሄድን። በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሷን እንደሚያይ፥ ይህም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሲሊንደሩን አንሥቶ በትከሻው ላይ የተቀረጸውን ምልክት አነበበ። በአሜሪካ ሕግ ሲሊንደር ሁሉ የተሠራበት ወርና ዓመት፥ የተፈተነባቸውም ጊዜያት በትከሻው ላይ ይቀረጹበታል።

ፈተናው በየ5 ዓመቱ የሚደረግ ነው። ሲሊንደሩ ውሃ ተሞልቶ በውሃ ውስጥ ይገባና፥ ከተለመደው ኃይል በላይ ይጫኑታል። በተለመደው ጊዜ 207 ባር የሚሞላ የአሉሚኒየም ሲሊንደር በፈተናው ጊዜ እስከ 345 ባር ድረስ ይጫናል። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ ሰፋ፥ ኃይሉም ሲነሣለት ወደ ቀድሞ መጠኑ ምን ያህል እንደ ተመለሰ ይለካሉ። ሳይመለስ የቀረው ከሰፋው ከዐሥር አንድ እጅ ከበለጠ ሲሊንደሩ ይጣላል። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ ውስጡን በመብራት መመርመር በጠላቂዎች ዘንድ የጸና ልማድ ነው።

የወዳጃችን ሲሊንደር በ1984 የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው ምልክቱን ባነበበ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች 6351 ከተባለው ቅይጥ ይሠሩ ነበር። ይህ ቅይጥ ለረጅም ጊዜ ኃይል ተጭኖት ሲኖር በአንገቱ ላይ ቀስ በቀስ የሚሰነጠቅ ሲሊንደር ይገኝበታል፤ ሲሞላም የፈነዳ አለ። ትልቁ የሲሊንደር ሠሪ በ1988 ይህን ቅይጥ ትቶ 6061 ወደተባለው ተዛወረ። በ2006 በወጣው የአሜሪካ መንግሥት ደንብም፥ የቀድሞው ቅይጥ የሆነ የጠላቂ ሲሊንደር ሁሉ በየ5 ዓመቱ ከሚደረገው ፈተና ጋራ አንገቱ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዲመረመር ታዘዘ። ደንቡ ሲሊንደሩን ጨርሶ አልከለከለም። ነገር ግን አየር የሚሞሉ ብዙ ሱቆች «ለሠራተኞቻችን ሕይወት እንሰጋለን» ብለው እንዲህ ያለውን አይቀበሉም፤ ይህም ሱቅ ከእነዚሁ አንዱ ነበር። አየር የማይሞላ ሲሊንደር ደግሞ ከብረት ክምር ምንም አይሻልም።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩን ፈታው። አየር በሚገባበት አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ማጣሪያ አረንጓዴ ሆና ተገኘች። ይህም የቀድሞው ባለቤት ክዳኑን ሳይዘጋ ስላጠበው ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱን የሚያስረዳ ምልክት ነበር። ዝገቱ እንኳ ሊጸዳ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሠሪው የዚያን ዓይነት ሬጉሌተር መሥራቱን ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖት፥ መለወጫ የጎማ ቀለበቶቹና መቀመጫዎቹ ከገበያ ጠፍተዋል። የክንዱ ኮምፒዩተር የባትሪው ማኅደር በዝገት ተበልቶ ነበር። የጎማው ልብስ ደግሞ በውስጡ ያሉት የአየር አረፋዎች ተጨፍልቀው ሙቀት የማይጠብቅ ሆኖአል፤ ለልጅቱ ቁመናም አልተስማማም።

ደኅና የተገኙት የእግር መቅዘፊያውና የፊት መስታወቱ፥ እንዲሁም ሰደርያው ብቻ ነበሩ፤ የሰደርያውም ቍልፍ መለወጥ ነበረበት።

የተከፈለው በሙሉ ሲደመር

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ወዳጃችን ጉዞው ሳይደርስ የጐደለውን ሁሉ በአዲስ መተካት ግድ ሆነባቸው። በዚያ ሌሊት ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው፥ ዓይነ መነጽራቸውን አድርገው ያሰሉት ሒሳብ ይህ ነው።

ለአሮጌው ዕቃ በመጀመሪያ የተከፈለው 450 ዶላር፤ ለአዲስ ሲሊንደር 230 ዶላር፤ ለአዲስ ሬጉሌተር ከመለኪያው ጋራ 480 ዶላር፤ ለኮምፒዩተር 250 ዶላር፤ ለጎማ ልብስ 160 ዶላር፤ ለሰደርያው ቍልፍ 60 ዶላር፤ በጠቅላላው 1,630 ዶላር።

ሁሉንም ከመጀመሪያው በአዲስ ገዝተው ቢሆን ኖሮ፥ ሰደርያው 400፥ መስታወቱና መቅዘፊያው 150 ሆኖ፥ ድምሩ 1,670 ዶላር ይሆን ነበር። እንግዲህ 1,220 ዶላር ያተርፋል የተባለው ግዢ ያተረፈው 40 ዶላር ብቻ ነው። ወዳጃችንም ብዕራቸውን አስቀምጠው፥ «ልጄን በ40 ዶላር ወደ ሞት ልልካት ነበር» አሉ። ባለቤታቸውም፥ «እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ሁላችንም ነን፤ ይልቅስ ወንድሟም ሊማር ይፈልጋልና ለእርሱ እንዳይደገም እናስብ» ሲሉ አጽናኑአቸው። ከዚህ በታች የምንጽፈው በዚያ ሌሊትና ኋላም ከባለሙያው ጋራ በተደረገው ምክር የተገኘ ነው።

በያገለገለ ቢገዛ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው

ከዚህ በላይ ያልነውን ሰምቶ «እንግዲያውስ ያገለገለ ዕቃ ከቶ አይገዛም» የሚል ቢኖር እርሱም ይሳሳታል። የወዳጃችን ስሕተት ያገለገለ ዕቃ መግዛታቸው አይደለም፤ ዕቃውን ሁሉ አንድ አድርገው መቍጠራቸውና ከመመርመሩ በፊት መክፈላቸው ነው። ስለዚህ ዕቃውን በየዓይነቱ መለየት ይገባል።

1ኛ፤ የእግር መቅዘፊያ የሚበላሽ ነገር የለውም፤ ካልተሰነጠቀና ለእግር ከተስማማ በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ቢገዙት ጥቅም ነው። የፊት መስታወት ግን በፊት ላይ ልክ ካልተቀመጠ ውሃ ስለሚያስገባ፥ ዋጋውም ትንሽ ስለ ሆነ፥ አዲስ ቢሆን ይሻላል።

2ኛ፤ ሰደርያ በያገለገለ ሊገዛ ይችላል። ሲገዛ ግን በአየር ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ጠዋት እንደ ጠነከረ ከተገኘ ደኅና ነው። ቀጥሎ ቍልፏን ደጋግመው ይጫኑ፤ በተለቀቀች ቍጥር ወዲያው ካልተመለሰች ሳይለወጥ አይለበስም። ውስጡን በንጹሕ ውሃ አንቀሳቅሰው ቢያፈሱት ጨው የሚወጣ ከሆነ፥ የቀድሞው ባለቤት በደንብ እንዳላጠበው ይወቁ።

3ኛ፤ ሲሊንደር በያገለገለ መግዛት ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ በደንብ የተያዘ ሲሊንደር ለብዙ ዐሥር ዓመታት ያገለግላልና። ነገር ግን የተቀረጸውን ምልክት ሳያነቡ ገንዘብ አይቍጠሩ። ከ1990 በፊት የተሠራ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲያጋጥም ቅይጡን ሳያረጋግጡ አለመግዛት ነው። የመጨረሻው ፈተና 5 ዓመት ካለፈው ደግሞ የፈተናውን ዋጋ ከሻጩ ዋጋ ላይ ይቀንሱ።

4ኛ፤ ሬጉሌተር ሁለት ጥያቄ ይጠየቅበታል፤ መለወጫ ዕቃው ዛሬም ይገኛልን? የጥገናው መዝገብስ አለን? ለሁለቱም መልሱ «አዎን» ካልሆነ ርካሽነቱ አያታልል። በቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ከሲሊንደር ሳይታሰር የመጀመሪያው ክፍል አፍ በክዳኑ ይዘጋና፥ በአፍ የሚያዘው ይሳባል። አየር ከገባ የሚያፈስ ቦታ አለው። ይህ ፈተና ግን የባለሙያን ምርመራ አይተካም። አንዳንድ ሠሪዎች በየጊዜው ለሚያስጠግናቸው ለመጀመሪያው ገዢ መለወጫውን በነጻ ይሰጣሉ፤ ዕቃው ለሌላ ሲሸጥ ይህ መብት ስለሚቀር፥ ይህም በሒሳብ መግባት አለበት።

5ኛ፤ የክንድ ኮምፒዩተርና የጎማ ልብስ አዲስ ቢሆኑ ይመረጣል። ኮምፒዩተሩ ጠላቂው በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ ሊቈይ እንደሚችል የሚነግረው ነው፤ የተሳሳተ ነጋሪ ደግሞ ነጋሪ ከማጣት ይከፋል። ልብሱም ሙቀት ካልያዘ ከልብስነት ይወጣል።

የዐሥር ዓመት ሒሳብ

ወዳጃችን በዚህ ደንብ መሠረት ለወንድ ልጃቸው የሚሆነውን እንዲህ አሰቡ። ያገለገለ ሰደርያ ከምርመራው ጋራ 200 ዶላር፤ መለወጫው የሚገኝ ያገለገለ ሬጉሌተር በ200፥ ጥገናው በ150፥ በድምሩ 350 ዶላር፤ ፈተናው ያላለፈበት ሲሊንደር ከዓመቱ ምርመራ ጋራ 130 ዶላር፤ አዲስ ኮምፒዩተር 250 ዶላር፤ አዲስ ልብስ 160 ዶላር፤ አዲስ መስታወትና ያገለገለ መቅዘፊያ 90 ዶላር፤ በጠቅላላው 1,180 ዶላር። ይህም ከአዲሱ በ490 ዶላር ያንሳል።

ነገር ግን ዋጋ በተገዛበት ቀን አያልቅም። ዕቃው አዲስ ቢሆን አሮጌ በ10 ዓመት ውስጥ የሚጠይቀው አለ። ሬጉሌተሩ በየሁለት ዓመቱ ቢጠገን 5 ጊዜ በ150 ዶላር 750 ይሆናል፤ ሠሪው በየዓመቱ ይጠገን የሚል ከሆነ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የሲሊንደሩ የየዓመቱ ምርመራ በ20 ዶላር 200፤ የየ5 ዓመቱ ፈተና ሁለት ጊዜ በ50 ዶላር 100፤ ለባትሪ 50፤ በጠቅላላው 1,100 ዶላር። አየር መሙያው በሁሉም በኩል ስለሚከፈል ከሒሳቡ አውጥተነዋል።

ስለዚህ በ10 ዓመት ውስጥ፥ አዲሱ ዕቃ 2,770 ዶላር ይፈጃል። በጥንቃቄ የተገዛው ያገለገለ ዕቃ፥ ለአሮጌ ቱቦዎች መለወጫ 120 ዶላር ብንጨምርበት፥ 2,400 ዶላር ይሆናል። ያለ ጥንቃቄ የተገዛው የወዳጃችን ዕቃ 2,730 ዶላር ነው። የጥንቃቄው ትርፍ በዓመት 37 ዶላር፥ የችኰላው ትርፍ ግን በዓመት 4 ዶላር መሆኑን ልብ ይሏል። ዋጋው ከቦታ ወደ ቦታ፥ ከሱቅ ወደ ሱቅ መለየቱ የታወቀ ነው፤ አሠራሩን ግን ማንም ሰው በራሱ አገር ዋጋ ሊያስላው ይችላል።

በያገለገለ የተገዛ ዕቃ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ ዕቃ ከሱቅ በወጣ ጊዜ ከዋጋው ብዙውን ያጣል፤ ይህን ኪሣራ የተሸከመው የመጀመሪያው ባለቤት ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው ገዢ መልሶ ቢሸጠው የሚያጣው ጥቂት ነው። መቀጠሉ ላልተረጋገጠ ጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መከራየትም አለ

ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን መዘንጋት አይገባም። በዚያው ሱቅ ሙሉው ዕቃ በቀን 60 ዶላር ይከራያል። 2,400 ዶላሩ ለ60 ቢካፈል 40 ቀን ይሆናል፤ ይኸውም በ10 ዓመት ውስጥ በዓመት 4 ቀን ማለት ነው። እንግዲህ በዓመት ለዕረፍት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው፥ አዲስም ሆነ ያገለገለ ከመግዛት ይልቅ እየተከራየ፥ መስታወቱን ብቻ የራሱ ቢያደርግ ይሻለዋል። ጥገናውንና ምርመራውን የሱቁ ባለቤት ይሸከምለታል። የራስ ዕቃ የሚያስፈልገው እንደ ወዳጃችን ልጅ ነገሩን ሥራዬ ብሎ ለያዘው ነው።

የገዛ ሰው ደግሞ የገዛውን ይጠብቅ። ከባሕር በተመለሱ ቍጥር ዕቃውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ የሬጉሌተሩን ክዳን አድርቆ ሳይዘጉ ወደ ውሃ አለመንከር፥ ከፀሐይ ጥላ ሥር ማድረቅ፥ በሲሊንደሩም ውስጥ ጥቂት አየር ትቶ ማስቀመጥ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የወዳጃችንን ሬጉሌተር የገደለው ባሕሩ አይደለም፤ ክዳኑን ያልዘጋው እጅ ነው።

ማጠቃለያ

ልጅቱ በሐምሌ ወር ከጓደኞቿ ጋራ ወደ ፍሎሪዳ ሄዳ ሥራዋን ፈጽማ በደኅና ተመለሰች። በሄደችበት ሳምንት ወዳጃችን ስልኩን ከእጃቸው አላስቀመጡም፤ በየማታውም «ልጄ፥ ቍልፏ ትመለሳለች ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እርሷም እየሳቀች፥ «ትመለሳለች አባባ፤ እኔም እመለሳለሁ» ትላቸው ነበር።

የ1984ቱን ሲሊንደር ባለሙያው አየሩን አስወጥቶ፥ መክፈቻውን ነቅሎ፥ ቂጡን በመጋዝ ቈርጦ ሰጣቸው። ወዳጃችንም በጓሮአቸው ካለው ዛፍ ላይ እንደ ደወል ሰቀሉት። ምሳ በቀረበ ጊዜ ባለቤታቸው በእንጨት ሲመቱት ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል። እኛም በተሰናበትን ቀን ወዳጃችን ደወሉን እያሳዩ፥ «ይህን ስሰማ፥ ከመግዛት በፊት መመርመር እንደሚገባ አልረሳም» አሉን።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። ክቡራን አንባቢዎቻችንም ለልጆቻቸው ሕይወት የሚታመንበትን ማንኛውንም ዕቃ ሲገዙ፥ «ስንት ነው?» ከማለታቸው አስቀድሞ «ማን መረመረው? ምን ምን ይጠይቃል? እስከ መቼስ ያገለግላል?» ብለው እንዲጠይቁ እንመክራለን።